የእናቴ የጥፍር ቀለም

በዘጠኝ ዓመቴ የምጠላቸውን ሰዎች ስም የምመዘግብበት ደብተር ነበረኝ። ከመጀመሪያው ገጽ እስከ መጨረሻው የተጻፈው ስም ግን አንድ ብቻ ነው፤ ሁያ። አንዳንዱ ገጽ ላይ በቀይ፣ አንዳንዱ ላይ በጥቁር፣ አንደኛው ላይ ደግሞ እስክሪብቶው ወረቀቱን እስኪቀደው ድረስ ተጭኜ ጽፌዋለሁ።

ሁያ የመኪና ኤሌክትሪክ ሠራተኛ ነበረች። በትንሿ ከተማችን በዋይማቴና በዙሪያዋ በውርጭ ጠዋት አልነሳ ያለ ትራክተር ካለ የምትጠራው እሷ ናት። ትከሻዋ ሰፊ፣ እጇ ሁልጊዜ በግራሶ የጠቆረ ሲሆን ስትስቅ አንገቷን ወደ ኋላ ጣል አድርጋ ነው። ሳቋ ከጓሯችን ተነስቶ ወንዙ ማዶ ይሰማል። እኔን ያንገበገበኝ ግን የእሷ ሳቅ አልነበረም። አባቴ አብሯት ይስቅ ነበር። ቤት ውስጥ አባቴ ከሳቀ ከርሞ ነበር።

አባቴ ሌስተር በበግ እርድ ፋብሪካ ውስጥ ማሽን ጠጋኝ ነበር። ከሰኞ እስከ አርብ የፋብሪካው ነው፤ ቅዳሜ ግን የእኔ ነበር። የእኔና የአውቶብሷ። ሰባት ዓመት ሲሞላኝ ከአንድ ገበሬ ማሳ ጎትቶ አመጣት፤ ሃያ ዓመት ተማሪ ስታመላልስ ኖራ ጡረታ የወጣች፣ ከዚያም የዶሮ ቤት የሆነች አሮጌ ቤድፎርድ አውቶብስ። አንድ ወቅት ሙሉ እኔና እሱ ተንበርክከን የዶሮ ኩስ ፋቅን። ሲያልቅ እናቴ መጥታ ግንባሯ ላይ በቢጫ ቀለም «ቀስ በይ» ብላ ስም ጻፈችላት፤ ዳገት ላይ ሌላ ምርጫ ስላልነበራት።

አንድ ቀን አባዬ አውቶብሷ ወለል ላይ በጀርባዬ አስተኛኝና ዙሪያዬን በእርሳስ አሰመረ። ከእግሬ በታች አንድ ስንዝር ጨመረበት። «ይሄ አልጋሽ ነው። ስንዝሯ ለምታድጊበት ናት» አለኝ። ከሾፌሩ አጠገብ ያለችውን ወንበር ደግሞ መታ መታ አድርጎ «ይቺም ያንቺ» አለ። ከዚያ ወዲያ አውቶብሷ የማን ናት ብሎ የሚጠይቀኝ ቢኖር መልሴ ዝግጁ ነበር።

ሁያ የመጣችው ኅዳር መጨረሻ ላይ ነው። ሙቀቱ ገና መጀመሩ ነው፤ የታጨደው ሣር ይሸታል። እንደ ሕፃን በሁለት እጇ ያቀፈችውን ግራጫ የብረት ሳጥን ይዛ ገባችና መሥሪያ ጠረጴዛው ላይ ጓ አድርጋ አስቀመጠችው።

«ይኸውልህ ጉደኛው» አለች። «ከዓሣ ጀልባ ላይ ነው የነቀልኩት። ጨው ትንሽ ልሶታል እንጂ ልቡ ጤነኛ ነው።»

«ኢንቨርተር ይባላል» አለኝ አባዬ፤ ዓይኑን ከሳጥኑ ላይ ሳያነሳ። «የባትሪውን ኃይል ተቀብሎ ልክ ቤት ግድግዳ ላይ እንዳለው ኤሌክትሪክ ያደርገዋል። ጫካ መሃል ቆመሽ ካውያ ትሰኪያለሽ።»

«ጫካ መሃል ማን ልብስ ይተኩሳል?»

ሁያ አባዬን አየችው። አባዬ ካቻቢቴ መፈለግ ጀመረ። 

ከዚያ ሁያ ተቀመጠች። የተቀመጠችው ደግሞ የእኔ የቢራ ሳጥን ላይ ነው፤ ሁለት ዓመት ሙሉ ቅዳሜ ቅዳሜ ተቀምጬበት ለአባዬ ቁልፍ የማቀብልበት ሳጥን።

«የኔ ነው» አልኳት።

«ውይ! ይቅርታ፣ የኔ እመቤት። ዙፋን መሆኑን መች አወቅኩ» ብላ ብድግ አለች፤ ከኪሷም አንድ ቶፊ አውጥታ ዘረጋችልኝ።

«አክስት ሁያ እግዜር ይስጥልኝ በያት እንጂ» አለ አባዬ። የሰፈሩ ልጅ ሁሉ አክስት ሁያ ነበር የሚላት።

«እማዬ እህት የላትም። አንተም የለህም» አልኩ።

ሁያ አንገቷን ጥላ ሳቀች። ይባስ ብሎ አባዬም ሳቀ። ቶፊውን አልበላም ብዬ ኪሴ ከተትኩት፤ ከዚያ ከቤት ጀርባ ሄጄ በላሁት። ጣፋጭ ነበር፣ ጣፋጭነቱም አናደደኝ። ወረቀቱን እንደ ልማዴ አጣጥፌ አጣጥፌ ጥፍር የምታክል አራት ማዕዘን አደረግኩት። ኪሶቼ ሁሉ በእነዚህ የታጠፉ ወረቀቶች የተሞሉ ነበሩ፤ እናቴ ልብስ ባጠበች ቁጥር እያወጣች መስኮቱ ላይ ትደረድርልኝ ነበር።

በሁለተኛው ቅዳሜ አልጋዬን አፈረሱት። ከትምህርት ቤት ጓደኛዬ ቤት ስመለስ የእርሳሱ መስመር ያለበት ጣውላ ተነቅሎ ሣሩ ላይ ወድቋል፤ የእኔ እግር፣ የእኔ ራስ፣ ያቺ ስንዝር። በቦታው አራት ትልልቅ ባትሪዎች ተደርድረው ዙሪያቸውን ሣጥን እየተሠራላቸው ነው።

«አልጋዬስ?» አልኩ።

አባዬ መዶሻውን አስቀመጠ። «ክብደቱ ጎማው ላይ መሆን አለበት፣ ብሮን። ሌላ ቦታ ብናደርገው ዳገት ላይ ታዘማለች።»

«እኔስ የት ልተኛ ነው?»

«አንቺ...» አለና ወደ ሁያ ዞረ። ሁያ ድንገት አንዲት ሽቦ በጣም አስደሰተቻት፤ ከእሷ ዓይኗን ማንሳት አቃታት። «እናስብበታለን» አለ አባዬ።  አውቶብሷ ውስጥ ለእኔ ቦታ የለም ማለት ነው። ታዲያ ለማን ነው ይሄ ሁሉ?

መልሱን በሦስተኛው ቅዳሜ አገኘሁት ብዬ አሰብኩ። በመስኮት ሳይ ሁያ ባትሪው ሣጥን ላይ አጎንብሳለች፤ እጇ ላይ የእናቴ የጥፍር ቀለም አለ። ያ ቀይ ብልቃጥ፣ ክዳኑ ወርቃማ፣ እናቴ ለሠርግ ካልሆነ የማትነካው። አባቴ ከእናቴ መሳቢያ አውጥቶ ለሌላ ሴት ሰጥቷል።  እንዲያውም አባቴ «ቀጥ አድርጊው እንጂ፣ እጅሽ ይንቀጠቀጣል» እያለ ሲቀልድባት፣ እሷም «ለራስህ ቀባው እንግዲህ» ብላ ብሩሹን ወደ ጥፍሩ ስትልክ አየሁ።

ሁያ ጥፍሯን አልነበረም የምትቀባው። ዳዶ በደንብ ከጠበቀ በኋላ ከዳዶው ላይ ተነስቶ እስከ ብረቱ የሚወርድ ቀጭን መስመር ይቀባል። መኪና መንገድ ላይ ስትርገፈገፍ ዳዶው ከተነቃነቀ መስመሩ ለሁለት ይሰበራል፤ ጠዋት አንዴ አይቶ ማወቅ ይቻላል። ብልቃጡንም የሰጠቻቸው እናቴ ራሷ ነበረች። ይህን ያወቅኩት ግን ከሳምንት በኋላ ነው፤ ያወቅኩትንም ለክፋት ተጠቀምኩበት።

በዚያኑ ቀን ከሰዓት ከውሃ ታንከሩ ጀርባ ተቀምጬ ሲነጋገሩ ሰማሁ። ሻይ እየጠጡ ነው።

«ለልጅቷስ መቼ ነው የምትነግራት?» አለች ሁያ።

«ገና ይለፍ። በዓሏን አላበላሽባትም።»

«ራይሊንስ?»

«ያለቀ ነገር ነው። ከገና በኋላ ነው መንገዱ።»

 ሁያ አላት ብዬ ባላሰብኩት ለስላሳ ድምፅ «አንተስ ትችለዋለህ?» አለችው።

«እለምደዋለሁ» አለ አባቴ።

ራይሊን እናቴ ናት። እንግዲህ ምን ቀረ? አባቴ ከገና በኋላ ከዚህች ሴት ጋር በእኔ አውቶብስ ሊሄድ ነው፤ እናቴም አውቃ ተቀብላለች። የእንጀራ እናት ሊያመጣብኝ ቢሆን እንኳ አንድ ነገር ነው፤ እሱ ግን ጭራሽ ጥሎን ሊሄድ ነው። ያን «እለምደዋለሁ» ዛሬ ሳስታውሰው ሌላ ነገር እሰማበታለሁ። ያኔ ግን መንገዱን፣ ጠባቡን አልጋ፣ የሁያን ሳቅ እለምደዋለሁ ያለ መሰለኝ።

እናቴን እያየሁ ደግሞ ይብስ ተቃጠልኩ። ያን ሰሞን ከስፌት መኪናዋ አትነሳም ነበር። የሱፍ ካፖርት ትሰፋለች፤ አረንጓዴ፣ ወይን ጠጅ፣ ትልልቅ የእንጨት ቁልፍ ያለው። ኀዘኗን በሥራ እየረሳች ነው ብዬ አዘንኩላት። አንድ ቀን ግን ሜትር አንገቷ ላይ ጥላ ወደ አውቶብሷ ገባች፤ መስኮቶቹን ለካች፣ መጋረጃም ሰፋች። ለሁያ መጋረጃ! «ይሄ አበባው ነው ወይስ ይሄ ባለ መስመሩ?» ብላ ስትጠይቀኝ «ምን አገባኝ!» ብዬ ጮህኩባት። አቀፈችኝ። ያን ሰሞን ያለ ምክንያት ታቅፈኝ ነበር፤ እኔም የተጎዳች ሴት እቅፍ ነው ብዬ እችለው ነበር።

ገና ሊሆን አራት ቀን ሲቀረው ኢንቨርተሩን ሞከሩት። መጀመሪያ አምፖል፣ ቀጥሎ ሬዲዮ። ከዚያ እናቴ ከቤት የራሷን ካውያ ይዛ መጣች። ሰካችው። ሳጥኑ እንደ ንብ እም... አለ፤ ካውያው ሞቀ፣ የረጠበው ጨርቅ ላይ ጭስስ አለ። ሁያ አጨበጨበች። እናቴ ካውያውን እንደያዘች ቆማ ዓይኗ እንባ ሞላ። አባቴ ደግሞ ወደ ውጭ፣ ወደ አጥሩ ያይ ነበር። ሁያ እናቴን በክርኗ ጎሸም አድርጋ፣ ብሎኑንና ቀዩን መስመር እያሳየች የመስመሩን ነገር በዝርዝር አስረዳቻት፤ እኔም ጆሮዬን አቁሜ ሰማሁ። «ጠዋት ጠዋት፣ ከሻይ በፊት፣ መስመሩ። ቀጥ ካለ ሰላም ነው» አለቻት። ሙያዋን ለእናቴ እያሳየች ልታዋርዳት ነው አልኩ በልቤ።

የገና ዋዜማ፣ ጠራራ ፀሐይ። እናቴ ምድጃ ላይ ነች፤ አባቴ አትክልቱ ቦታ አተር ይለቅማል። ዐሥራ ሰባት ቁጥሩን የብሎን መፍቻ ቁልፍ ከመሣሪያ ሰሌዳው ላይ አውርጄ አውቶብሷ ውስጥ ገባሁ። ሌላ ብረት ነክቶ እሳት እንዳይተፋ እጀታውን በጨርቅ ጠቀለልኩት፤ ይህንንም ያስተማረኝ አባቴ ነው። ወፍራሙ ቀይ ሽቦ የሚታሰርበትን ዳዶ በሁለት እጄ ተንጠልጥዬ ፈታሁት። ከሽቦው ቀለበት ሥር የቶፊውን ወረቀት፣ ያን አጣጥፌ ያስቀመጥኩትን፣ መሃሉን በጥፍሬ በስቼ አስገባሁት። መልሼ አጠበቅኩ። መስመሩ ትንሽ ተዛነፈ፤ ከእናቴ መሳቢያ ብልቃጡን አምጥቼ ቀጥ አድርጌ ቀባሁበት።

«ከብሎኑ ጋር በደንብ ያልተሳሳመ ሽቦ ከተቆረጠ ሽቦ ይብሳል» ይል ነበር አባዬ። «የተቆረጠው ወዲያው ይነግርሻል። ያልተሳሳመው ግን ለትንሽ ነገር እሺ እያለ ቆይቶ፣ ከባድ ሥራ ሲመጣ ጉድ ያደርግሻል።» እኔም የፈለግኩት ይኼንኑ ነው። መንገድ ላይ ይበላሽባቸውና አባቴ «ይቺ ሴት ምንም አትችልም» ይበል፤ ይመለስ። ሣሩን እንዳየው በሬ ገደሉን አላየሁም።

ከገና በኋላ በሦስተኛው ቀን ጠዋት እናቴ በረንዳው ላይ ተንበርክካ ሁለት እጄን ያዘች። ያን ጊዜ እጇ ላይ የመርፌ ጠባሳ ሁሉ ይታየኝ ነበር።

«ብሮን፣ እማዬ ሥራ ልትሄድ ነው። ተጓዡን ገበያ ታውቂው የለ? እነዚያ በየከተማው የሚዞሩት ቤት አውቶብሶች። ካፖርቶቼን ይዤ በጋውን ከእነሱ ጋር ልዞር ነው። እስከ ሚያዝያ ብቻ። አንቺ ከአባዬ ጋር ሆነሽ ትምህርትሽን...»

ቀሪውን አልሰማሁትም። ከትከሻዋ በላይ ሁያን አየሁ፤ የራሷ መኪና ላይ ተደግፋ ቆማለች፣ የምግብ እቃ ይዛለች፣ ለስንብት ነው የመጣችው። አባቴ ጎማዎቹን እየዞረ ይረግጣል። እናቴ ተነሳች፣ ወጣች፣ ሾፌሩ ወንበር ላይ ተቀመጠች።

የእኔ ወንበር ላይ የካፖርት ክምር ተቀምጦበታል።

አባዬ የባትሪውን ሣጥን ከፍቶ አጎነበሰ። «መስመሩ ቀጥ ብሏል» አላት። አፌን ከፈትኩ። እዚያች ቅጽበት ላይ ብዙ ጊዜ ተመልሼ ቆሜያለሁ። ፈርቼ ነው ዝም ያልኩት ብዬ ለሰው ብነግር ሰው ያምነኛል፤ ግማሽ እውነትም ነው። ሌላው ግማሽ ግን ይሄ ነው፤ ቅናቴ በአንዴ ከሁያ ላይ ተነስቶ እናቴ ላይ አረፈ። አውቶብሷን ወሰደችብኝ፣ ወንበሬን ወሰደችብኝ፣ አባቴ ሦስት ሳምንት የለፋው ለእሷ ነው፤ ከእኔም ይልቅ ካፖርቶቿን ይዛ ትሄዳለች። ይበላሽባት አልኩ። ይበላሽባትና ትመለስ። አፌን ዘጋሁት።

በአምስተኛው ቀን ስልክ ተደወለ። አባዬ አነሳው። «አንቺ ደህና ነሽ? ... እጅሽስ? ... መጣሁ» ብሎ ዘጋው። እኔን ፒክአፑ ላይ ጫነኝና ገበያው ወደ ቆመባት ወደ ጄራልዲን ነዳ።

ገበያው ወንዝ ዳር ያለ ሜዳ ላይ ነው። በቀለም ያበዱ አውቶብሶች ክብ ሠርተው ቆመዋል፣ ሰው ይርመሰመሳል፣ አንዱ አኮርዲዮን ይጫወታል። «ቀስ በይ» ዳር ላይ ናት። በሯ ጋ ስንደርስ የተቃጠለ ጎማና የራሰ ሱፍ ሽታ ተቀበለን። እናቴ ስፌት መኪናዋንና ካውያዋን አንድ ላይ ስታስነሳ ሽቦው ግሎ ሣጥኑ እሳት ይዞ ነበር። የጎረቤት ሸክላ ሠሪ በእርጥብ ጆንያ አጠፋላት። ባትሪዎቹ አጠገብ ተሰቅለው የነበሩት ዐሥራ አንድ ካፖርቶች ሣሩ ላይ ተዘርግተዋል፤ አንዳንዱ ጠቁሯል፣ የቀረው ጭስ ጭስ ይሸታል። ወር ሙሉ ዓይኗን ያፈሰሰችባቸው።

አባዬ ገብቶ ተንበረከከ። ዳዶውን ፈታ። ጀርባው ይታየኛል። ለረጅም ጊዜ አልተንቀሳቀሰም። ከዚያ እጁ ወደ ሸሚዙ ኪስ ሄዶ ተመለሰ።

«ምንድን ነው?» አለች እናቴ፤ እጆቿን አጣምራ በሩ ላይ ቆማለች። ቀኝ እጇ በፋሻ ተጠቅልሏል።

«ማጥበቁን ረስቼ ነው።»

«መስመሩ ቀጥ ብሎ ነበር፣ ሌስተር። በየጠዋቱ አይቼዋለሁ። ዛሬም አይቼዋለሁ።»

«እንግዲህ ሳላጠብቅ ቀብቼው ይሆናል።»

«አንተ?» አለች። ድምፅዋ ቀነሰ። «የጎረቤት በር እንኳ ካልተዘጋ እንቅልፍ የማይወስድህ ሰው? ረስተህ ታውቃለህ? አንድ ቀን?»

እሱ የተቃጠለውን ሽቦ መጠቅለል ጀመረ።

«አትሂጂ ማለት አቃተህ። አፍ አውጥተህ አትሂጂ ብትለኝ ኖሮ... እንዲህ ታደርገኛለህ? እኔ ውስጥ ተኝቼ ቢሆንስ?»

«ይቅርታ አድርጊልኝ፣ ራይሊን» አለ አባቴ።  እኔ በሩ ደረጃ ላይ ቆሜ እጄን ኪሴ ውስጥ ከትቼ ነበር፤ እናቴ ወደ እኔ ዞራ አየችኝ፣ የእሱን ጥፋት በማየቴ ያፈርኩ መስሏት ፀጉሬን ዳሰሰችኝ።

አባዬ ሙሉ ቀን ሠራ። አዲስ ሽቦ ዘረጋ፣ አዲስ ሣጥን አበጀ፣ ብሎኑን አጥብቆ ቀይ መስመሩን ራሱ ቀባ። እናቴ ሻይ እንኳ አላፈላችለትም። ስንሄድ በመስኮት በኩል «በሚያዝያ አትጠብቀኝ» አለችው።

ስንመለስ አንድ ዳቦ ቤት ቆመንና የበግ ሥጋ ፓይ ገዛልኝ። ሞተሩን አጥፍቶ ስበላ ያየኝ ነበር።

«ብሮን» አለ። «ሽቦና ብሎን ሲሳሳሙ መሃላቸው ምንም ነገር መግባት የለበትም። ወረቀት እንኳ። ገባሽ?»

«ገባኝ» አልኩት፤ አፌ በፓይ ተሞልቶ። እንደ ሁልጊዜው የሙያ ትምህርት መሰለኝ። ወረቀቱ ተቃጥሎ አልቋል፣ አላገኘውም፣ ተረፍኩ ብዬ ደስ አለኝ። «ወረቀት እንኳ» ያለኝም በአጋጣሚ ነው ብዬ አመንኩ። ልጅ ማመን የሚፈልገውን ያምናል፤ አዋቂም እንደዚያው፤ እኔ ለሠላሳ አራት ዓመት አምኜ ኖሬያለሁ።

እናቴ በሚያዝያ አልመጣችም። በየእረፍቱ እየሄድኩ ከእሷ ጋር በአውቶብሷ ዞሬያለሁ፤ ትወደኝ ነበር፣ ትጠብቀኝ ነበር። ቤታችን ግን ዳግመኛ አልገባችም። የአባቴ ስም ሲነሳ ከንፈሯ እንደ ስፌት ጥብቅ ይላል። እሱም ሌላ ሴት አላገባም። ሁያ ቅዳሜ ቅዳሜ ብቅ እያለች ሻይ ትጠጣ ነበር። የራሷ ባል፣ የራሷ ሦስት ልጆች እንዳሏት ያወቅኩት ዐሥራ ሁለት ዓመቴ ላይ ነው፤ ቅናት እስከዚያ ድረስ አላስጠየቀኝም።

አባቴ ባለፈው ሰኔ ሞተ። እናቴ አበባ ላከች፤ ራሷ አልመጣችም። ከቀብሩ በኋላ ጋራዡን ላጸዳ ስገባ ሁያ በከዘራ ተደግፋ ልታግዘኝ መጣች። ያንኑ የቢራ ሳጥን ስቤ አስቀመጥኳት። የፊውዝ ማስቀመጫ ቆርቆሮውን ስከፍት ከሥሩ፣ በጥጥ ላይ፣ ጥፍር የምታክል የታጠፈች ወረቀት አገኘሁ። ግማሿ ከስሏል። መሃሏ ተበስቷል።

 ሁያ ቆርቆሮውን ከእጄ ወሰደችና አየችው።

«አሳይቶኝ ነበር» አለች። «ያኔውኑ። ‹ንገራት፣ ሚስትህ ትመለሳለች› አልኩት። ለመንኩት እኮ።»

«ምን አለሽ?»

«‹ልጅቷ እናቷን የምታገኘው በእረፍት ብቻ ነው። ያቺንም ጊዜ ላበላሽባት?› አለኝ።» ሁያ አፍንጫዋን በእጅጌዋ ጠረገች። «ግትር ነበር። ግትር በግ።»

በማግስቱ ወደ ሰሜን ነዳሁ። እናቴ አሁን ሰባ ዓመቷ ነው፤ መዞር ትታ ሞቱዌካ በምትባል ከተማ አንድ የፖም እርሻ ዳር «ቀስ በይ»ን አቁማ ትኖራለች። አሁንም ትሰፋለች። ቁጭ ብዬ ሁሉንም ነገርኳት፤ ሁያን፣ ደብተሩን፣ ቁልፉን፣ የዘጋሁትን አፌን። ወረቀቷን መዳፏ ላይ አኖርኩላት።

መነጽሯን አደረገች። እጥፋቱን በጣቷ ጫፍ ነካችው። የእኔ መሆኑን አልተጠራጠረችም፤ ስንቱን ከኪሴ አውጥታዋለች። ትጮኽብኛለች ብዬ ጠበቅኩ። ብትጮኽብኝ ይሻለኝ ነበር።

«አንቺ ዘጠኝ ዓመትሽ ነበር» አለች በመጨረሻ። «እኔ ግን ዐሥራ ሁለት ዓመት አብሬው ተኝቻለሁ። እንዲህ የሚያደርግ ሰው እንዳልሆነ ላውቅ ይገባኝ ነበር።»

መነጽሯን አውልቃ «ቀብሩ ላይ አልመጣሁም፣ ብሮን» አለች፤ እኔ የማላውቀው ይመስል። ተነሳች፤ የአውቶብሷን ቁልፍ ከሚስማሩ ላይ አወረደች። «መቃብሩ ጋ ውሰጂኝ። በዚችው እንሂድ። የኋላው ጎማ ይችላል።»

ከዚያ እንደ ልማዷ መንገድ ከመውጣቷ በፊት የባትሪውን ሣጥን ከፈተች። ኢንቨርተሩ ሁለት ጊዜ ተቀይሯል፣ ባትሪዎቹም ስንት ጊዜ። ሣጥኑ ላይ ያለው ብሎን ግን ሳይፈታ ያው ነው፤ ላዩ ላይ አባቴ ያን ቀን ጄራልዲን የቀባው መስመር አለ፣ ቀለሙ ወደ ቡናማ ሄዷል። ለሠላሳ አራት ዓመት በየጠዋቱ፣ ከሻይ በፊት፣ አይታዋለች።

«አንድ ቀን እንኳ አልተነቃነቀም» አለች። ክዳኑን መዝጋት አቃታት፤ እዚያው ላይ ተደፍታ ለአባቴ አለቀሰች።

ከሾፌሩ አጠገብ ያለው የእኔ ወንበር ባዶ ነበር። ሄጄ ልቀመጥበት አልቻልኩም።